መስመር የረገጠ እግር

ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም የምትወጣው ሚኒባስ ዳገቱን ሳትጨርስ ጎማዋ ተነፈሰ። ተለዋጩም ጎማ ቀድሞ የተነፈሰ ኖሮ፣ ሹፌሩ ረመዳን "አብሽሩ፣ አሁን መጣሁ!" ብሎ ጎማውን በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄደ። እንዲህ ያለው "አሁን" በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚረዝም እናንተም ታውቁታላችሁ። ከመንገደኛው ገሚሱ በእግሩ ቀጠለ፤ ገሚሱ ባሕር ዛፍ ሥር ጋደም አለ።

ጋሽ ይሄነው ከለቅሶ መመለሳቸው ነበር። ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ ቀና ሲሉ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ዛሬ ሊያገኟት የማይፈልጓት ሀዲያ ከፊታቸው ቆማለች።

ሀዲያ የስፖርት አስተማሪ ናት። የሰሐን ውርወራ የሚባለውን ጨዋታ ለከተማው ያመጣችው እሷ ናት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰሐን የሚመስል ፕላስቲክ ከመነሻው መስመር ይወረወራል፣ ካረፈበት ላይ ምልክት ተደርጎ፣ እግር ምልክቱን ሳያልፍ ከዚያው እንደገና ይወረወራል፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ በትንሽ ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ቅርጫቶቹን የከተማው በያጅ ሠራቸው። ሜዳውን ግን ቢሮ ለቢሮ ተንከራትተው ያስፈቀዱት ጋሽ ይሄነው ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ ስለጨረሱ የትኛው በር እንዴት እንደሚከፈት ያውቃሉ። በዚህም የጨዋታው ማኅበር ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እሑድ ደግሞ ምርጫ ነው፤ ሀዲያ ለሰብሳቢነቱ ቀርባለች። ወግዲ የወረደችውም የዚያን አገር ተጫዋቾች ድምፅ ለመጠየቅ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጋሽ ይሄነውን ያደከማቸው መንገዱ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔአለም ካረፉ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷቸዋል። ጠዋት ሲነሱ የሚጠብቃቸው ነገር ቢኖር ያ የሰብሳቢነት ወንበር ብቻ ነው። እሱን ካጡ ደግሞ ሰው ለምን ብሎ ይፈልጋቸዋል? ይህን እያሰቡ እንቅልፍ አጥተው ከረሙ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። አላህ ያጽናዎት፤ ለቅሶ እንደነበሩ ሰማሁ።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ አሜን። ነይ ተቀመጪ። ቆሞ መከራከር ያደክማል።"

"ኧረ ክርክር ማን አመጣ?"

"ወግዲ የወረድሽው ጤፍ ልትገዢ ነው እንግዲያ?"

ሀዲያ ሳቀችና ተቀመጠች። ከጎናቸው ዶሮዎቿን እግር ለእግር አስራ የተቀመጠች እትዬ ዓባይነሽ የምትባል ነጋዴ ነበረች፤ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

"ለእሑዱ ጉባኤ ያሰብሽው ደንብ አልተዋጠልኝም" አሉ ጋሽ ይሄነው። "ያየ ይናገር ትያለሽ። ልጅ ተነሥቶ ሽማግሌውን በሰው ፊት 'አጥፍተዋል' ይበል ነው? እኔ አባቴ ሲሳሳት አይቼ ዓይኔን ወደ መሬት ነው የመለስኩት። ክብር ከሌለ ጨዋታውስ ምን ሊረባን? ዳኛ ይቁም፣ ዳኛ ይናገር።"

"ዳኛ ከየት እናምጣ ጋሼ? ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዛፉ ይጋርዳል። በየአገሩ የዚህ ጨዋታ ዳኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው። አንዱ 'አየሁ' ይላል፤ ሌላው 'እኔም አይቻለሁ' ካለ ውርወራው ይደገማል። አንድ ሰው ብቻውን አይፈርድም፤ ሁለት ምስክር ነው።"

"ሁለት ምስክር…" ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱስ በእኛም መጽሐፍ በእናንተም አለ። ግን እስከ ዛሬ ያለሱ ኖረናል። ሰው ቢጣላ እኔ መሐል ገብቼ አስታርቃለሁ።"

"አስታርቀዋልማ! ከተጫዋቾቻችን ንጉሡና ሳዲቅ 'እኔ አሸነፍኩ' ብለው ቢጨቃጨቁ ሁለቱንም አንደኛ አሏቸው። አሁን በአንድ መንገድ አይሄዱም። ንጉሡ 'ድሌን ለሳዲቅ ቆርሰው ሰጡብኝ' ይላል፤ ሳዲቅም እንደዚያው።"

"ታዲያ እርቅ እንዲህ አይደል? ሁለቱም እኩል ይከፋቸዋል።"

እትዬ ዓባይነሽ አልቻለችም። "ምን ሰሐን ነው የምትሉት እናንተ? ሰሐን ከሆነ እኔንም መዝግቡኝ። ባሌ ላይ ስወረውር ስቼ አላውቅም!"

ሦስቱም ሳቁ። ጋሽ ይሄነው ሲስቁ ጉልበታቸው ጠዘጠዛቸውና ፊታቸውን አጨፈገጉ። ሳቁ ሲበርድ ሀዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ ባጃጅ ነጂው ትንሳኤ ለምን ከሜዳ እንደቀረ ጠይቀው ያውቃሉ?" አለች።

"ሥራ በዛበት ብለውኛል። ምን ያለ እጅ አለው ያ ልጅ! ንፋሱን እንደ ፈረስ ነው የሚጋልበው።"

"ሥራ አይደለም። ደሴ ለውድድር ስንሄድ እርስዎ ታመው ቀርተው ነበር። ትንሳኤ ቅርጫቱ አጠገብ ደረሰና ምልክቱን በእግሩ አልፎ ወረወረ። አብረውት የሚጫወቱት 'ምልክቱን አልፈሃል' አሉት። ተቆጣ፤ የሰደቡት መሰለው። ሲደግም አሁንም አለፈ፤ አሁንም አሉት። ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅማ! ሰሐኖቹን ሜዳው ላይ ጥሎ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።"

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሸት አሸት አደረጉ። ያን ልጅ ይወዱታል። "ይህን የመሰለ ልጅ! ይህን ክፉ ልማድ ደግሞ ከማን ተማረው?"

 ሀዲያ የጫማዋን ጫፍ ማየት ጀመረች።

"ከማን ተማረው? ነው የምልሽ።"

"እንግዲህ… ልጅ ያየውን ነው ጋሼ…"

"እኮ ንገሪያቸዋ!" አለች እትዬ ዓባይነሽ። "ያየ ይናገር ስትዪ አርፍደሽ አሁን ምን ዋጠሽ?"

ሀዲያ ሻርፗን አስተካከለች። ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች።

"ከእርስዎ ነው፣ ጋሼ። ጉልበትዎን ስለሚያምዎት ቅርጫቱ አጠገብ ሲደርሱ ምልክቱን ያልፋሉ። ሁላችንም እናያለን፤ የሚናገር ግን የለም። ልጆቹ ደንቡ ይኸው ነው ብለው ያዙት።"

"ሁላችሁም ታያላችሁ?"

"ሁላችንም።"

"አንቺም?"

"እኔም፤ አስተማሪ ተብዬ።"

 ሰንሰለቱ በጮኸ ቁጥር "ማሻአላህ!" "እሰይ ጋሼ!" እያለ የሚያጨበጭበው ሁሉ በጋሽ ይሄነው ፊት ተደረደረ። ለካ ሁሉም አይቶ ነበር የሚያጨበጭበው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከመድከሙ የተነሣ ሀዲያ ጠጋ ብላ ሰማቻቸው።

"እኔ አብሬያችሁ የተጫወትኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እንደ እንግዳ ስታስተናግዱኝ ነው የኖራችሁት። ለእንግዳ ነው እንጂ ቤተኛ ለሆነ ሰው ነውሩ አይሸፈንለትም፤ ይነገረዋል።"

"ጋሼ፣ ላስከፋዎት አይደለም…"

"ተይው። አሁን ያየሁትን ልንገርሽ፤ አንቺ ደንቡን ያመጣሽው፣ አንደበተ ርቱዕዋ፣ አንድ ቃል ለማውጣት አላበሽ። ታዲያ ትንሽ ልጅ ሽማግሌን መናገር እንዴት ይቻለው?"

"ደንብ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው። ደንብ ከሌለ ልጁ ዝም ቢል ራሱን ይበድላል፣ ቢናገር ባለጌ ይባላል። ደንብ ካለ ግን የተናገረው ግዴታውን ተወጣ እንጂ ሽማግሌ አልደፈረም።"

"የእኔ ጉልበትስ?"

"ለአዛውንት መነሻውን ወደ ቅርጫቱ ቀረብ እናደርገዋለን። ሰው ሁሉ አውቆት፣ በአደባባይ የተሰጠ ይሆናል።"

"በአደባባይ የተሰጠ ክብር…" አሉ ሽማግሌው። ረመዳን ጎማውን እያንከባለለ ሲመጣ እትዬ ዓባይነሽ፣ "ምነው ቸኮልክ? ገና ምርጫው አላለቀም!" አለችው።

ልጆቼ፣ ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ያለሱ ጎረቤት ከጎረቤት አይኖርም። ነገር ግን የሰውን ስህተት እያየን በአክብሮት ስም ዝም ስንል፣ ሰውየውን ብቻውን ነው የምንተወው። ከኋላው የሚመጣው ልጅም ስህተቱን ወርሶ ሌላ አገር ሄዶ ይዋረድበታል። ጋሽ ይሄነው ይህን ከዳገቱ እስከ ከተማው ድረስ የሚኒባሷ መስኮት ላይ ተደግፈው ሲያስቡ መጡ።

ቅዳሜ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ሄዱና ትንሳኤን ለብቻው ጠርተው፣ "ጥፋቱ የእግሬ ነው፣ ያንተ አይደለም። ነገ ና፤ ስሳሳት የምትነግረኝ አንተ ነህ" አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉባኤው ተሰበሰበ። ጋሽ ይሄነው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። "ደንቡን የማቀርበው እኔ ነኝ። ሀዲያ ብታቀርበው ሽማግሌውን ለመጣል ነው ትባላለች። ምልክት ሳልፍ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እናንተም አይታችሁ ዝም ስትሉ ኖራችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ያየ ይናገር።" ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ አንዱም "ይሄነው አረጀ" አለ። ደንቡ ግን አለፈ። ወንበሩ ደግሞ ለሀዲያ ሆነ። ጋሽ ይሄነው ከሁሉ ጋር አጨበጨቡላት፤ እጃቸው ግን ከበዳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወጡ። ትንሳኤ መጥቶ ነበር፤ ከሳዲቅና ከሽማግሌው ጋር በአንድ ምድብ ገባ። ቅርጫቱ አጠገብ ሲደርሱ የጋሽ ይሄነው እግር እንደ ልማዱ ምልክቱን አለፈ፤ ሰሐኑም ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። ማንም አላጨበጨበም። ትንሳኤ ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ቀረበ።

"ጋሼ… ምልክቱን አልፈዋል።"

"እኔም አይቻለሁ" አለ ሳዲቅ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

የሽማግሌው ጆሮ ጋለ። ተመልሰው ከምልክቱ ኋላ ቆሙ። ወረወሩ። ሰሐኑ የቅርጫቱን ጠርዝ ነክቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ያን ቀን ከምድባቸው መጨረሻ ወጡ።

ደንቡ ያመጣው ጥቅም ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሡና ሳዲቅ ሲከራከሩ ነገሩ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቃል እንጂ ቤት ድረስ አይከተላቸውም። የመካነ ሰላም ልጆችም ሌላ ከተማ ሄደው "አለፍክ" ቢባሉ እሺ ብለው ይደግማሉ፤ ነገሩ ለእነሱ ስድብ አይደለም። ለአዛውንት የቀረበው መነሻም ሌሎች ጡረተኞችን ከየቤታቸው አውጥቷል።

ጋሽ ይሄነው ግን ያን ዕለት ከዚህ ሁሉ ምንም አላዩም። ደክሟቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ከዛፉ ሥር እንደተቀመጡ ትንሳኤ ባጃጇን አምጥቶ አጠገባቸው አቆመና፣

"ይግቡ ጋሼ፣ ላድርስዎት" አላቸው። ጥቂት እንደሄዱም በመስተዋቱ አየት አድርጓቸው ፈገግ አለ። "የሚቀጥለው እሑድ እንደማይቀሩ አውቃለሁ፤ ዛሬ በጣም ነው ያሸነፍንዎት። መልሱን ሳይሰጡን አይተኙም።"

"ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተ ባለጌ!" አሉ ሽማግሌው፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዘላቸውም፣ ሳቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አጥተውት የከረሙት እንቅልፍም ባጃጇ ቤታቸው ደርሳ እስክትቆም ወሰዳቸው።