በክኒን ፋንታ ቴምር

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ንጋቷ ደምሰው
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ሻይና ቁርስ ቤት
አድራሻ፦ አይሻ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ መስከረም 29 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት

በእስር ላይ የሚገኘው አቶ ቀናው ይርጋ ባለቤቴ ነው። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ በአይሻ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። መስከረም 27 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቤቴ ሳለሁ በጣቢያው የተሰቀለው የሐዲድ ቁራጭ ሲደወል ሰማሁ። ያ ድምፅ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። ወጥቼ ስሮጥ የጣቢያው ዘበኛ አቶ ሳማታር ኤልሚ መንገድ ላይ አገኘኝና «እህቴ ንጋቷ፣ ሰውዬሽ ባቡር ጠርቷል፤ ወላሂ ሻንጣሽን አዘጋጂ!» አለኝ። እየሳቀ ነበር።

ስደርስ ባለቤቴ የድሮ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሳይመልሰው በቀረው ቁልፍ ክፍሉን ከፍቶ ከትኬት መስኮቱ ኋላ ቆሟል። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ባቡር እንደሌለ ሁሉም ያውቃሉ። ግን ተሰልፈዋል። ወተት ሻጯ ወ/ሮ ረቢዓ «አንድ ትኬት እስከ ደወሌ ጣቢያ፣ ከነወተቴ!» ስትለው «ለወተቱ አንደኛ ማዕረግ፣ ላንቺ ሦስተኛ!» ብሎ ሰው አሳቀ። የጣቢያዎቹን ስም በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ እያፈራረቀ ይጣራ ነበር። እኔን ሲያይ «ንግዬ፣ በመስኮት በኩል ቦታ ይዤልሻለሁ» አለኝ። በ1984 ዓ.ም. ከአክስቴ ቤት ወደ ደወሌ ስሄድ፣ ሳልጠይቀው ቦርሳውን አስቀምጦ በመስኮት በኩል ቦታ የያዘልኝ እሱ ነው። ያኔ የምንወደው ሰው ሁሉ የሚመጣው በባቡር ነበር። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ተብያለሁ። ይጻፍልኝ ብያለሁ።

3 ሰዓት ላይ ሳማታር «በቃ ቀናው፣ ውጣ፤ ባቡሩ ሞቷል» አለው። የባለቤቴ ፊት ተለወጠ። «የሞትከው አንተ ነህ!» ብሎ መስኮቱን በቡጢ መታው። መስታወቱ ረግፎ የሳማታርን እጅ ቆረጠው፤ አምስት ቦታ ተሰፍቷል። ይህን አይቻለሁ፤ አልክድም።

በሕክምና ካርዱ ላይ ሕመሙ ለሦስት ዓመት እንዳላገረሸበት ተጽፏል፤ ታዲያ አውቆ ያደረገው አይደለም ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ካርዱ ሐሰት አይደለም፣ የሚያውቀው ግን እስከ ነሐሴ ያለውን ብቻ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ባለቤቴ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ሳይተኛ ይሰነብታል፣ እያፏጨ ጫማ ይወለውላል፣ መንገደኛውን ሁሉ ምሳ ይጋብዛል። ከዚያ ይወድቃል። በ1999 ዓ.ም. ውሃ ሳይዝ ሐዲዱን ተከትሎ ሄዶ የግመል እረኞች ናቸው ያገኙት። ሊሞት ወጥቶ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። በ2000 ዓ.ም. ጅግጅጋ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ሕመሙ ባይፖላር እንደሚባል፣ ክኒኑም መቋረጥ እንደሌለበት አስረዱን። ክኒኑን ሲጀምር ያ ሁሉ ቀረ። ፉጨቱም ቀረ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ያግዘኛል። ስጠራው ግን ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሰው ቆይቶ ነው የሚመልስልኝ።

ክኒኑን በየምሽቱ መዳፉ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ከነሐሴ 10 ቀን ጀምሮ በክኒኑ ፋንታ ቴምር አስቀመጥኩ። ቴምሩን አየ። እኔን አየኝ። ሳቀና በላው። በሦስተኛው ሳምንት ማፏጨት ጀመረ። ጥፋት መሆኑን አውቅ ነበር። ጥቂት ቀን ብቻ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ እል ነበር። ጫማውን ሲወለውል አይቼ ዝም አልኩ። ደወሉን ስሰማም ወዲያው አልወጣሁም። መጀመሪያ ቀሚሴን ቀየርኩ።

ይህ ቃል እኔንም ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ቃል ተቀባዩ አስረድቶኛል። ተረድቻለሁ። ጥፋቱ የእጄ ስለሆነ ባለቤቴ ወደ ሐኪም እንዲላክ አመለክታለሁ። ትናንት ማታ እራት ሳቀብለው በፍርግርጉ መሐል መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ክኒኑን አስቀመጥኩለት። አየው። እኔን አየኝ። አልሳቀም። ዋጠው።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ የተጨመረብኝም የተቀነሰልኝም የለም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ዋርሳሜ ኢጌ ______________