ማግኔት ያልሳበው ድንጋይ

ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዙኝ ሟቹ ታላቅ ወንድሜ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ፣ አንገቴን ደፍቼም ቢሆን አነባለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከብስክሌት ጠጋኙ አባታችንና ከእናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አባታችን በማረፋቸው ትምህርቱን ትተው ጋራዥ ተቀጠሩ፤ መንጃ ፈቃድም አውጥተው የመሬት አጥኚዎችን መኪና በአሸዋማው በረሃ ሲያሽከረክሩ፣ ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮችን መለየት ተማሩ። ውለው አድረውም ከዱላ ጫፍ ማግኔት አስረው፣ ሠራተኞች ይዘው፣ ድንጋይ እየለቀሙ ለተመራማሪዎች ማቅረብን ሙያቸው አደረጉ። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ብረት አያጣም ብለው ያምኑ ነበርና፣ ማግኔቱ ያልሳበውን ዞር ብለውም አያዩትም ነበር።

በልብስ ስፌታቸው የታወቁትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። አንድ ጊዜ ወገባቸውን አሟቸው መጎንበስ ሲያቅታቸው፣ ባለቤታቸው ሊያግዟቸው አብረው ወደ በረሃው ወረዱ፤ ከአሸዋ ክምር ሥርም ቆዳው ጠቆር ያለ፣ በተሰነጠቀው በኩል ግራጫ ሆኖ ነጫጭ ፍንካች የተበተነበት፣ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አንስተው፣ ይሄ የዚህ መሬት ድንጋይ አይመስለኝም ብለው አሳዩዋቸው። ወንድሜ ማግኔቱን አስጠጉ፤ አልሳበም። በሠራተኞቹ ፊት ሳቁና፣ «አንቺ መርፌሽን ያዢ፣ ድንጋዩን ለኛ ተዪልን!» ብለው ወረወሩት። ሠራተኞቹም በሳቅ አጀቧቸው። ባለቤታቸው ድንጋዩን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ቤትም ሲደርሱ፣ ጨርቅ ሲቆርጡ እንዳይንሸራተት መጫኛ አደረጉት።

ዓመታት አለፉና ሌላ ድንጋይ ሊያዩ የመጡ አንዲት ተመራማሪ ያንን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አይተው፣ ስባሪውን ወስደው ቢመረምሩት ከጨረቃ የመጣ ሆኖ ተገኘ። የጨረቃ ድንጋይ ብረቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማግኔት እምብዛም አይስበውም ኖሯል። ተመልሰው መጥተው ማን እንዳገኘው ሲጠይቁ፣ የወንድሜ ባለቤት የሻይ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወንድሜ፣ እኔ ነኝ አሉ። እትዬም ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ በተቀመጠበት የቤተ መዘክር መስታወት ላይ ስማቸው ተጻፈ፤ ሰፈሩ ጋሽ ጨረቃ አላቸው፤ ልጆቻቸውም እናታቸው የተኮሱላቸውን ዩኒፎርም ለብሰው፣ ድንጋዩን ያገኘው አባታችን ነው እያሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ተንጎራደዱ። እሳቸው ግን የድንጋዩ ነገር በተነሳ ቁጥር መሬት መሬት እያዩ ወሬ ይቀይሩ፣ ቤተ መዘክሩ ባለበት መንገድም አያልፉ ነበር። ኧረ ስንቶቻችን ነን ትሕትናቸውን ያደነቅን! ለካ እፍረት ኖሯል። እኔ ወንድማቸው በየሰርጉ ለሙሽሮች ምሳሌ አድርጌ ስጠቅሳቸው ኖሬ፣ ዛሬ ፊቴን የት ልደብቀው?

ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ፣ ሰው ሲወጣ ጠብቀው ይህን ሁሉ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን ራስዎ እትዬን ይቅርታ አይጠይቋቸውም ብላቸው፣ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ በቁሜ ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ስሞት ሰው በተሰበሰበበት ተናገርልኝ ብለው አለቀሱ። ትናንት ማለዳም ዐረፉ። እትዬ ግን ምን ላነብ እንዳሰብኩ ሰምተው ዛሬ ጠዋት፣ «አሁን ምን ሊሠራልኝ ነው? ሬሳውን አታዋርድብኝ» ሲሉ ለምነውኛል። ይህ ደግነታቸው ከኑዛዜው ይልቅ አንጀቴን በላው፤ ሆኖም አደራ በላ ከምባል ልመናቸውን መጣስ መረጥኩ።

ታላቅ ወንድሜ በሞት የተለዩት ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከእኔ ከታናሽ ወንድማቸው፣ እንዲሁም የጨረቃውን ድንጋይ በአሸዋው በረሃ ካገኙት ባለቤታቸው ነው። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እሱ ይቅር ከማለቱ በፊት ግን የተበደለውን ሰው ይጠይቃልና፣ እትዬ፣ ከፊትዎ ጎንበስ ብለን እኛም እንጠይቅዎታለን።