የአደም ቁጥር አንድ ፊልም

(ኮምቦልቻ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ፤ ድሮ በቪዲዮ ቤት የሕንድ ፊልም በማይክ ይተረጉሙ በነበሩት በጋሽ ይመር ፀጉር ቤት፣ የፊልም ወዳጁ አደም ግማሽ ፀጉሩን ተስተካክሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።)

አደም፦ ጋሽ ይመር፣ ሰውየው አባቱ አይደለም!

ጋሽ ይመር፦ አንገትህን አታዙር፣ ጆሮህን አብሬ እቆርጠዋለሁ። የቱ ሰውዬ?

አደም፦ የቁጥር አንዱ ነዋ! የምንጊዜም ምርጥ ፊልሜ! ባቡር ጣቢያ ላይ ልጁን አቅፎ የሚያለቅሰው ሽማግሌ። ሃያ ዓመት ሙሉ "አባትየው" ስለው ኖርኩ። ትናንት ፊልሙን በስልኬ አውርጄ ከነትርጉም ጽሑፉ አየሁት። ትኬት ተቆጣጣሪ ነው!

ጋሽ ይመር፦ ትኬት ተቆጣጣሪ አይወልድም?

አደም፦ "ትኬትህን አሳየኝ" ነው የሚለው ጋሼ! ሌላ ምንም አይልም!

ጋሽ ይመር፦ እንባውስ?

አደም፦ ዝናብ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ማቀፉስ?

አደም፦ እንዳያመልጠው ነው የያዘው!

ጋሽ ይመር፦ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ለእኛ አውቶቡስም በተገኘ።

አደም፦ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሕንድኛ ይችሉ ነበር?

ጋሽ ይመር፦ ሰላምታና ስድብ እችል ነበር። መሐል ያለውን ራሴ እሞላዋለሁ። ደግሞ ሕንዶቹ ደጎች ናቸው፤ ዘፈናቸው ረጅም ስለሆነ የሚቀጥለውን የማስብበት ጊዜ ይሰጡኛል።

አደም፦ አያፍሩም?

ጋሽ ይመር፦ አንድ ቀን አፍሬያለሁ። ሕንድ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ገብቶ፣ ሕዝቡ ሲያለቅስ እሱ ብቻውን ሲስቅ። ሰውየው ጤነኛ አይደለም ብለን አስወጣነው።

አደም፦ እኔ ላይ የደረሰውን ግን አላወቁትም። የፊልም ማኅበራችን በየወሩ አንድ አባል የምርጥ አሥር ፊልሞቹን ዝርዝር አንብቦ ቁጥር አንዱን ያሳያል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ተራው የእኔ ነው። "በሲኒማ ታሪክ ታላቁ የአባትና ልጅ ትዕይንት" ብዬ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ። አባቴንም ጠርቼዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ኮቱን ለብሶ እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እስቲ ሌሎቹን አንብብልኝ።

አደም፦ ቁጥር አሥር፣ ጀግናው ከሞተር ሳይክል ዘሎ ሄሊኮፕተሩን በጥርሱ የሚይዝበት።

ጋሽ ይመር፦ በእጁ ነው የያዘው። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ አልጠራ ብሎኝ በጥርሱ አልኩ፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ጊዜ ተውኩት።

አደም፦ ቁጥር ስድስት፣ መንትዮቹ እናታቸውን በድምጿ የሚለዩበት።

ጋሽ ይመር፦ መንትያ አይደሉም። አንድ ሰው ነው ልብስ የቀየረው። ተምታቶብኝ ሁለት አደረግኩት፤ ከዚያ በኋላ አንዱን የት ልጣለው?

አደም፦ ወይ ጉዴ! ቁጥር አራት፣ መብራት ጠፍቶ መጨረሻውን ያላየሁት።

ጋሽ ይመር፦ እሱ እንኳ ንጹሕ ነው፤ እኔም አላየሁትም። ልጄ፣ አንተ ምርጥ ፊልም የለህም፤ ምርጥ ተርጓሚ ነው ያለህ።

አደም፦ እንግዲያው ይምጡና ያድኑኝ። ድምፁን እዘጋለሁ፣ ጽሑፉን አጠፋለሁ። ማይኩን ይያዙና እንደ ድሮው ይዋሹ።

ጋሽ ይመር፦ አልመጣም። ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዞ ነው የሚገባው፤ ዋሽቼ ሳልጨርስ ያጋልጡኛል። ደግሞ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስናገር ያፏጫል። ጀግናው ሲፎክር ፊሽካ የዋጠ ዳኛ ነው የሚመስለው።

አደም፦ ካልመጡ ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ሰርዘዋ፤ ወረቀት አይደል?

አደም፦ ወረቀት አይደለም ጋሼ! አባቴ የፊልም ደብተሬን ጎረቤት ፊት እሳት ውስጥ ሲከተው አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከቤት ወጥቼ አክስቴ ጋ ሦስት ሳምንት ሰነበትኩ። ጅቡቲ ከሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ሁሉ ተነጋግሬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት እርስዎ ጋ ገባሁ። ሽማግሌው ልጁን ይዞ፣ "ልጄ፣ አባትነትን ማንም አላስተማረኝም፤ በአንተ ላይ ነው የተማርኩት። ስለተለማመድኩብህ ይቅር በለኝ። ና፣ ወደ ቤት እንግባ" አለው። ተነስቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።

ጋሽ ይመር፦ ደግ አደረግክ።

አደም፦ ምኑ ነው ደግ? አባቴም እንደዚያ ያስባል ብዬ ነዋ! እሱ እኮ በሩን ከፍቶ "በልተሃል?" ብቻ ነው ያለኝ። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም። ዝምታውን በዚያ ንግግር እየሞላሁ ኖርኩ፤ ለካ የሞላሁት በትኬት ተቆጣጣሪ ነው! ያማል ጋሼ። አባቴ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም ማለት ነው።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ፣ ቶንዶሱን ላጥፋው።

አደም፦ ግማሹ አልተነካም እኮ!

ጋሽ ይመር፦ ይደርሳል። ያችን ንግግር እኔ አልፈጠርኳትም።

አደም፦ ፊልሙም አላላትም!

ጋሽ ይመር፦ አባትህ ናቸው ያሏት።

አደም፦ ማን?

ጋሽ ይመር፦ አቶ ሙህዬ፣ አባትህ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ልከፍት ስመጣ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ልጄ እዚህ ይመጣል አሉኝ" ብለው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ሦስት ቦታ ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ። "ከፊልሙ ውስጥ አባት ፈልግና በእሱ አፍ በልልኝ" አሉ።

አደም፦ ለምን ራሱ አልነገረኝም?

ጋሽ ይመር፦ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። "ልናገር ስል ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው" አሉኝ።

አደም፦ እርስዎስ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ይሉኛል?

ጋሽ ይመር፦ አስምለውኝ ነው፤ ይኸው ዛሬ መሐላዬን በላሁ። ደግሞ ጭንቄን ልንገርህ? የዚያ ቀን ፊልም አባት የለውም! ከዳር እስከ ዳር ወላጅ የሌላቸው ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሽማግሌ ስጠብቅ ላቤ ተንጠፈጠፈ። ሊያልቅ ሲል ያ ተቆጣጣሪ ብቅ አለልኝ፤ ወዲያው አባት አድርጌ ሾምኩት።

አደም፦ አባቴ... ውስጥ ነበር?

ጋሽ ይመር፦ በሩ ላይ፣ መጋረጃው ጋ ቆመው ነበር። አንተ ስትነሳ ቀድመውህ ወደ ቤት ሮጡ። እኚያ ሰውዬ ሲሮጡ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አደም፦ በሩን ሲከፍትልኝ ያለከልክ ነበር። እኔ ደግሞ የተናደደ መስሎኝ...

ጋሽ ይመር፦ በል፣ እንባህን ጥረግና ራስህን አቅና፤ ልጨርስልህ። እመጣለሁ፤ ቢያፏጭም እተረጉማለሁ። ግን ልጁ ምን ብሎ ይመልስ? ያኔ ዝም ነው ያሰኘሁት፤ አባትህ የልጁን አልጻፉልኝም።

አደም፦ እርስዎ የአባትየውን ይበሉ። ከዚያ ማይኩን ለእኔ ይስጡኝ፤ የልጁን እኔው እመልስለታለሁ።