ካፖርቴ ቀድሞኝ ሰፈር የገባበት ምሽት

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ እናንተም ከኋላ የምትንሾካሾኩ የሒሳብ ክፍል ልጆች፤ አዳራሹን አስውባችሁ፣ ኬክ አዝዛችሁ ስለሰበሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። አበባውን ማን እንደመረጠው፣ ማን እንደተቃወመም አውቃለሁ። የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ኖሬ የማላውቀው ነገር ይኖራል እንዴ?

ምስጋናው ለጊዜው እዚህ ላይ ይቁም፤ ተናድጃለሁና። ቂም ይዞ ጡረታ መውጣት ደግሞ ደግ አይደለም። እዚሁ ላራግፈውና ቀለል ብሎኝ ልሂድ።

የመሥሪያ ቤቶች ሩጫ ተቃርቧል። እኔም ሳልሰናበት አንድ ጊዜ እንኳ ማሊያችንን ለብሼ ልሩጥ ብዬ ተመዘገብኩ። አሠልጣኛችን፣ ማለትም የግዢ ክፍል ኃላፊው ፊሽካ (ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም፣ አትዩኝ)፣ ሕግ አወጣ። «የሐሙሱን ረጅም ልምምድ ያልጨረሰ ማሊያ አያገኝም» አለ። ሕጉን ወደድኩት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሰርቪሱ ጠብቆ ቤት ሊያደርሰን፣ ካፖርቶቻችንን እሱው ውስጥ ወንበር ላይ ትተን ተነሣን። የሲሚንቶ መጋዘኑን አልፈን፣ እስከ ውኃ ታንከሩ ዳገቱን ወጥተን መመለስ ነው። ማደያው ጋ ስንደርስ የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ወይ ጉልበቴ» ብላ ቆመች። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ «ብቻዋን አልተዋትም» አለ። ደግነቱን ሚስቱ ሰምታ ይሆን? እኔ ዝም ብያለሁ። ፊሽካም «እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ከኋላ እቆጣጠራለሁ» አለ። ለካስ ሁሉም ወደ ሰርቪሱ ተመልሶ፣ ከኋላዬ የነበረው ጨለማው ብቻ ኖሯል።

ዳገቱን ወጣሁት። ጆሮዬ ደነዘዘ፣ አፍንጫዬ ያለበት ጠፋኝ፣ ግን አንዲት እርምጃ እንኳ በሶምሶማ እንጂ በእግር ጉዞ አልሄድኩም። ግቢው በር ደርሼ እጄን ሽቅብ አነሳሁ። ለማን? በሩ ተዘግቷል፤ ሰርቪሱም የለም። ጥበቃው ከብዙ ማንኳኳት በኋላ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ምን ረስተው ተመለሱ?» አለኝ።

«የተረሳሁትስ እኔ ነኝ» አልኩት።

አብራኝ የመጣችው ልጄ ይግባት፤ በእኛ ሰርቪስ ወንበር የሚያዘው በልብስ ነው። ሹፌራችንም ሰው አይቆጥርም፣ ልብስ ነው የሚቆጥረው። ካፖርቴ መስኮት ዳር ተቀምጧል፤ ስለዚህ እኔ ገብቻለሁ። በማግስቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዝም ሲሉ እንቅልፍ የወሰደዎ መስሎኝ፣ እንዳልቀሰቅስዎ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።» ካፖርቴ ተከብሮ፣ ሞቆት ሰፈር ገባ። እኔ በቱታ ተንቀጠቀጥኩ።

እሱስ ይቅር። ያንገበገበኝ የፊሽካ ነገር ነው።

«እትዬ፣ ማሊያ የለም። ሲጨርሱ ያየ ሰው የለም።»

«ጥበቃው አይቶኛል።»

«እሱ ሲያይዎ ቆመው ነበር።»

«ከጨረስኩ በኋላ በሩን እየዞርኩ ልሩጥ ኖሯል?»

«ሕግ ሕግ ነው፣ እትዬ።»

ከማደያው የተመለሰው ሕግ አውጪ ግን ማሊያ አለው።

ስሙኝማ። «ስብሰባ ላይ ነው በይልኝ» ስትሉኝ ብያለሁ። «ዛሬ አልገባችም በይልኝ» ስትሉኝም ብያለሁ። ያን ሁሉ ውሸታችሁን ሰው ከእኔ አፍ ሲሰማ አመነ። ለራሴ የተናገርኩት አንድ እውነት እንዴት አይታመንም?

ስለዚህ ወንድሜ ፊሽካ፣ ሰው በተሰበሰበበት ልጠይቅህ። ጨርሻለሁ ወይስ አልጨረስኩም? ኬኩን ተወውና እኔን እየኝ። አትቸኩል፣ እንጠብቅሃለን።

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አይተዋል? እናንተስ? መልካም። ልኬ መካከለኛ ነው፤ እጀታው ረዘም ይበል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ሥራችሁ ይቃና። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ እርጅናችሁም ይመር። ለጀመራችሁት ነገር ጉልበት አይንሳችሁ። ስትጨርሱም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው አይጥፋ።