የመቋሚያው ስርጉድ

የአያቴ መቋሚያ አናቱ ላይ ለምን ሰረጎደ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ደባርቅ ውስጥ መሪጌታ የነበሩት አያቴ ሲያርፉ መቋሚያው ለእኔ ደረሰኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙበት መዳፍ ያጎደጎደው መስሎኝ፣ ዩኒቨርሲቲ በተማርኩት ኮድ መቋሚያው ላፕቶፔ ላይ እየተወዛወዘ የወርቅ መስመር የሚስልበት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠራሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልደፍር፣ ለወጣቶች ዐውደ ርእይ ላፕቶፑን አስቀምጬ ልጠፋ ነበር ሐሳቤ። መጀመሪያ ግን ዳባት ወርጄ፣ ከአያቴ ጋር አብረው ለዘመሩት ለመሪጌታ ይባቤ አሳየኋቸው።

«ያምራል» አሉኝ። «ግን የቱ ጋ ነው የሚተኛው?»

«ማን፣ የኔታ?»

«አያትሽ ነዋ! ማሕሌቱ ሲረዝም አገጩን እዚያች ስርጉድ ላይ አስደግፎ ያሸልብ ነበር። በክርኔ ስጎሽመው ብንን ይልና ከሁላችን ቀድሞ ያዜማል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ደነገጥኩ። «ይህን ባሳይ አያቴን ማሳጣት አይሆንብኝም?»

«ምን ማሳጣት! እንቅልፍ ይዞት ያውቃል፤ ዜማ አምልጦት ግን አያውቅም።»

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ወሰንኩ። የወርቁ መስመር መሐል ላይ ዘንበል ብሎ ጥቂት ያሸልባል፤ ከዚያ ብንን ብሎ ይቀጥላል። ምክንያቱን ለሚጠይቅ ደግሞ እኔው ራሴ ላፕቶፑ አጠገብ ቆሜ እነግራለሁ።