ሳይወጣ የሚጽፈው

እንደምን አደርሽ ደሳለች? ልብስ ልታሰጪ ነው? አስጪ አስጪ፣ ዛሬ እንጦጦ ላይ ቅንጣት ደመና የለም። ልጅሽ ሃዊስ ደህና ናት? እሁድ ሽማግሌ ይገባል አሉ... እሰይ! እኔን ብርነሽን ጎረቤቷ ሆና አልሰማችም እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ሽማግሌ የሚልከውን ልጅ ስም አልጠራም፤ ስልክ ላይ ስንቱ ይጠራው የለ?

ምን ጎደለብሽ? ወታደርም ጸሐፊም ባንድ ራስ! ብሎግ አለው እኮ። ልጄ ሰምሀል ናት ያስረዳችኝ። ድሮ የነጭ መርከበኞች መርከባቸው ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማወቅ እንጨት በገመድ አስረው ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር። ፍጥነቱን የሚጽፉበት መዝገብ በእንጨቱ ስም «ሎግ» ተባለ። ኢንተርኔት ሲመጣ እዚያ ላይ የሚጻፈውን የየዕለት ውሎ «ዌብሎግ» አሉት፤ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ ከፊቱ ቆረጠና «ብሎግ» አደረገው። ወታደር ከጦር ሜዳ ሲጽፈው... «ሚልብሎግ»! እኛ ከእንጦጦ እንጨት ስናወርድ ጀርባችን ተላጠ እንጂ ማን ጸሐፊ አለን? ሂሂ...

መርከበኛው ግን መጀመሪያ መርከብ ላይ መውጣት ነበረበት፣ አይደል? የኛው በዚህ ይበልጠዋል። ሳይወጣ ይጽፋል!

«ከምሽግ» ብሎ የለጠፈውን ፎቶ አላየሽም? ኧረ እይው! ጫማው ጭቃ አልነካው፣ ሱሪው እንደተተኮሰ... ሃዊ አጠባ እንኳ አይበዛባት። ከኋላው የተሰጣችው ባለ አበባ አንሶላ ግን የኔን አትመስልም? ጠላትም ከመርካቶ ነው እንዴ የሚገዛው? ምሽጉ ደግሞ ለጋራ ሽንት ቤታችን ካስቆፈርነው ጉድጓድ ጋር ቁርጥ መንታ! ደግነቱ ገና ሳንጀምርበት ገባ... ወይ ሆዴን! በሳቅ ገደለኝ!

አልሞት ባይ ተጋዳይ ማለት ይኼ ነው። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ለማለት ወደማያውቁት አገር ሄዷል፤ እሱ እዚሁ፣ በሚያውቁት ሰፈር... ጀግንነት አይደለም ትያለሽ?

ደግሞ ደግነቱ! የጎረቤታችን የረይሃና ልጅ ኑሕ ከግንባር እያነከሰ ከተመለሰ ወዲህ ለናቱ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጳውሎስ ሻይ ቤት ጋብዞ ያስተነፈሰው ማን ሆነና? በማግስቱ የኑሕን ታሪክ «እኔ» እያለ ብሎጉ ላይ ጻፈለት። የሰው ቁስል መሸከም ቀላል ነው? ሕመሙን ብቻ ለኑሕ ተወለት...

ሃዊዬ ያንን አንብባ አለቀሰች አሉ። «ለቆሰለው» እሺ ልትል ነው። ትበል እንጂ! እኔ ምን አግብቶኝ? የእናት ዓይን እያለ የጎረቤት ዓይን ምን ያደርጋል?

ምን በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሆኖ እሱ ቢሰማስ? ምርቃት አይደል? እንዲያውም ጮክ ልበል፣ አንቺም አሜን በይ፦ ዕድሜውን ያርዝምለት። ገላውን እሾህ አይንካው። ጥይትም እስከ ዛሬ እንዳላወቀችው፣ ወደፊትም አትወቀው!