የቦይለሩ ማብሪያ

አማቴ ከቢላ ከተማ መጥተው ነቀምቴ እኛ ጋ ሊኖሩ ስለሆነ መታጠቢያ ቤታችንን አፍርሰን አደስነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። ባለቤቴ ገመቹ ደግሞ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ “ውሃ እንዳይረጨው” ብሎ የቦይለሩን ማብሪያ ከሻወሩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር አስገጠመው። እኔ እንኳ በርጩማ ላይ ካልወጣሁ አልደርስበትም። መስመሩን ልትፈትሽ የመጣችው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀና ብላ አየችውና “ኦቦ ገመቹ፣ ይህን መታጠቢያ ቤት ማነው የሚጠቀምበት?” አለችው። “እናቴ” አላት። “እንግዲያው እስቲ እንደ እናትዎ ሆነው ያጥፉልኝ።” ገመቹ ጎብጦ፣ ከዘራ እንደያዘ ሰው እየተጎተተ ሄደና እጁን ዘረጋ። የነካው ሴራሚኩን ብቻ ነው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። “ሰውነታቸው እንደረጠበ በርጩማ ላይ ቢወጡስ?” ስትለው ፊቱ ተለወጠ። ማብሪያው ከበሩ ውጭ፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ካልተገጠመ አላሳልፍም አለች። አዛወርነው።

አማቴ በመጡ ማግስት ጠዋት ገመቹ ቦይለሩን አብርቶ፣ ውሃው እስኪሞቅ ጋደም አለ። በኋላ ገብቶ ሻወሩን ሲከፍት “አዮ!” ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። ውሃው በረዶ ነው። አማቴ በሩ ጋ ቆመዋል። “ውስጥ ማንም ሳይኖር የማብሪያው ቀይ መብራት ሲበራ አይቼ አጠፋሁልህ እኮ” አሉት። “ደግሞ እንዴት ለእጄ ተመቸኝ! ተባረክ ልጄ።”